ሰባት ሰው ሶፋና አምስት በር ያለው ሳሎን

የቤት ነገር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የምትልኩልኝ ጥያቄ ሁሉ ሳሎን ሳሎን ሆኗል፣ ሦስቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያውን በደንብ ዘርዘር አድርጌ ነው የመለስኩት ምክንያቱም ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ግማሹ እዛ ውስጥ ቤቱን ያገኛል ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ነሽ እህቴ። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ባለ ሁለት መኝታ። የሳሎናችን ቅርጽ ግራ ያጋባል፣ ከመግቢያው በር ጀምሮ 2 ሜትር ከ10 ስፋት ይዞ 3 ሜትር ያህል ይሄድና ከዛ ወደ ግራ ይሰፋል፣ ሰፊው ጋ 3 ሜትር ከ60 በ3 ሜትር ከ30 ነው፣ መታጠፊያው ላይ ደሞ ኮለን (ምሰሶ) ወጣ ብሏል። በር በር ብቻ ነው፤ የመግቢያው፣ በግራ የኪችኑ፣ በቀኝ የሁለቱ መኝታ ቤቶች፣ መጨረሻ ላይ በቀኝ በኩል የበረንዳው። አምና ሰባት ሰው ሶፋ ገዛን፣ ባለ ሦስት፣ ባለ ሁለትና ሁለት ባለ አንድ፣ ከነመስታወት ጠረጴዛው። እናቴ የሰጠችኝ ቡፌ አለ፣ ፍሪጁም ኪችን አልገባ ብሎ ሳሎን ነው ያለው። ሁሉንም ግድግዳ አስጠግቼ ዙሪያውን ደርድሬዋለሁ ግን እንግዳ በጎኑ እየሄደ ነው የሚገባው፣ ቡና ማፍያ ቦታ እንኳን የለኝም። ባለቤቴ ይሄን ሸጠን ኤል ሼፕ እንግዛ ይላል፣ ሳሎኑ ራሱ ኤል ስለሆነ ይገጥማል ባይ ነው። ምን ትመክሪናለሽ?

መልስ፦ ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝና ብሩ ኪሱ ይቆይ። ኤል ሶፋ የሚፈልገው ሁለት ረጃጅም ግድግዳ የሚገናኙበትን ጥግ ነው፣ የናንተ ቤት ኤል የሚያደርገው ደሞ ኮለኑ ያለበት ወደ ውጭ የወጣው ጥግ ነው፣ እሱ ላይ ሶፋ አይታጠፍም። ውስጥ ያለው ጥግ ጋ ብትሄዱ ደሞ ከኮለኑ እስከ ግራው ግድግዳ 1 ሜትር ከ50 ብቻ ነው ያላችሁ፣ የሶፋው አጭሩ ክንፍ እንኳን ብዙ ጊዜ ከዛ ይበልጣል። ሌላው፣ አብዛኛው ኤል ሶፋ የቀኝ ወይም የግራ ተብሎ ነው የሚሠራው፣ ነገ ቤት ብትቀይሩ አይገለበጥላችሁም። አራተኛ ፎቅ ድረስ ሊፍት በሌለበት ብሎክ ደግሞ ደረጃው መታጠፊያ ላይ የማያልፍ ሶፋ በበረንዳ በገመድ ሲጎተት መቼም አይተሻል፣ ከታች ሰው ሁሉ አንጋጦ እየጮኸ፣ ያንን ጣጣ ለጠላቴም አልመኝም።

ችግሩ ሶፋው አይደለም፣ ሁሉንም ግድግዳ ማስጠጋትሽ ነው። እኛ ሀገር ሳሎን ሲደረደር መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳው ነው፣ ባዶ ግድግዳ ሲገኝ አንድ ነገር ይለጠፍበታል፣ መሃሉ ለጥ ያለ ሜዳ ይሆናል፣ ሰው ግን የሚሄደው በግድግዳው ጥግ ባሉት በሮች ስለሆነ መንገዱን ራሳችን ዘግተን ቤቱ ጠበበን እንላለን። ስለዚህ ዕቃውን እርሺና ከበሮቹ ጀምሪ። ጠመኔ ያዢ፣ ሜትር ያዢ፣ ከመግቢያው ወደ ኪችን፣ ከኪችን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመግቢያው ወደ በረንዳ ሰው የሚሄድበትን መስመር ወለሉ ላይ አስምሪ። ዋናው መተላለፊያ 90 ሴንቲ ሜትር ቢያገኝ ጥሩ ነው፣ ትሪ ይዞ ሰው ያልፍበታል፣ አልፎ አልፎ የሚኬድበት ደሞ 60 ይበቃዋል። ከዛ የቀረው ነው ያንቺ ሳሎን።

ያንቺን ቤት በወረቀት ላይ አስምሬ ሳየው አምስቱ በሮች ያስፈራሉ እንጂ አራቱ ጠባቡ ክፍል ውስጥ ነው ያሉት። ማለት ጠባቡ ክፍል ሳሎን አይደለም፣ ኮሪደር ነው፣ እንደ ኮሪደር አስቢው። እዛ ሶፋ አይገባም፣ ባለ አንዱ ወንበርም አይገባም። ቀኙ ግድግዳ የመኝታ ቤት በሮች ስላሉበት ባዶውን ይቅር። ግራው ላይ ከኪችኑ በር ቀጥሎ ፍሪጁን አቁሚ፣ ከፍሪጁ ቀጥሎ ቡፌውን፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 አካባቢ ከሆነ በሩም ፍሪጁም ቡፌውም ተደማምረው 3 ሜትሩ ውስጥ ይገባሉ፣ ግን ፍሪጁ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይቁም፣ ከኋላው ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። ፍሪጁ 65 ሴንቲ ሜትር ወደ መሃል ቢወጣ እንኳን ከ1 ሜትር ከ40 በላይ መንገድ ይቀርሻል፣ ሁለት ሰው ይተላለፍበታል። ቡፌውን እዛ ስታደርጊው ደሞ ስኒውም ሳህኑም ለኪችኑ ቅርብ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ሰፊው ክፍል። ባለ ሦስቱን ግራው ግድግዳ ላይ አድርጊው፣ ግን ከበረንዳው በር ጎን ወዳለው መስኮት ጠጋ አርጊው፣ ለመጋረጃው አንድ ስንዝር ያህል ትተሽ። ባለ ሁለቱን ደሞ ጀርባውን ለመግቢያው በር ሰጥተሽ ከባለ ሦስቱ ፊት ጀምሮ ወደ ቀኝ ዘርጊው። አዎ፣ ከፊሉ ግድግዳ የለውም፣ ኮለኑን አልፎ ወደ መተላለፊያው ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው፣ እንግዳ ሲገባ ጀርባው ይታየዋል፣ እናትሽ መጥታ እንዴት ሶፋ ጀርባውን ለሰው ይሰጣል ልትል ትችላለች፣ ትበል። እሱ ሶፋ ነው ኮሪደሩን ከሳሎኑ የሚለይልሽ፣ ኮለኑም ከኋላው ስለሚሆን ከውስጥ ለተቀመጠ ሰው አይታይም። 1 ሜትር ከ60 የሚረዝም ሶፋ ከሆነ በቀኝ በኩል ከ1 ሜትር በላይ መንገድ ይቀራል፣ ከመግቢያው እስከ በረንዳው ቀጥ ብሎ። የሶፋው ጀርባ ሸራ ብቻ ሆኖ ካስጠላሽ ነጠላ ወይ ጋቢ ጣል አርጊበት፣ ያምራል። ሁለቱ ሶፋዎች የሚገናኙበት ባዶ ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አስገቢና መብራት ወይ ራውተሩን አስቀምጪ፣ ሰው እዛ ቢቀመጥ እግሩን የሚዘረጋበት የለውም።

ከባለ አንዶቹ አንዱን መስኮቱ ስር፣ ፊቱን ወደ ባለ ሁለቱ አዙረሽ አስቀምጪው። ሁለተኛው መኝታ ቤት ይግባ። ሰባት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ ገዛሁ ብለሽ ሰባቱንም ሳሎን ማቆም ግዴታ የለብሽም፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ሰው ሲበዛ ከመኝታ ቤት ይወጣል፣ በቀረው ቀን ልብስ ታስቀምጪበታለሽ (ሁላችንም እናረገዋለን)።

ቲቪው ቀኙ ግድግዳ ላይ፣ ከባለ ሦስቱ ፊት ለፊት። ከሶፋው እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ከ43 እስከ 55 ኢንች ላለ ቲቪ ምቹ ነው፣ መስኮቱም በጎን ስለሚሆን የከሰዓት ፀሐይ ስክሪኑ ላይ አያንጸባርቅም። ትልቅ ቲቪ ስታንድ ግን መንገዱን ይበላብሻል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ የስክሪኑ መሃል ቁጭ ባልሽበት ከዓይንሽ ጋር እኩል እንዲሆን፣ ከወለሉ 1 ሜትር ወይ 1 ሜትር ከ10 ገደማ። ሰው ቲቪ ለምን ጣሪያ ስር እንደሚሰቅል አይገባኝም፣ አንገት ነው የሚያመው። ከመሰቀሉ በፊት ግን ግድግዳውን በጣትሽ አንኳኪው፤ የኮንዶሚኒየም የውስጥ ክፍልፋይ አንዳንዱ ብሎኬት ነው አንዳንዱ አግሮስቶን የሚባለው ተገጣጣሚ ሰሌዳ ነው፣ ባዶ ባዶ የሚል ድምፅ ከሰጠሽ ተራ ፊሸር አይዘውም፣ የሚሰቅልልሽን ባለሙያ ቀድመሽ ንገሪው፣ ካልሆነ ቀጭን ስታንድ ላይ ይቀመጥ።

የመስታወቱ ጠረጴዛ ትልቅ ከሆነ እሱን ነው የምትሸጪው፣ ሶፋውን ሳይሆን። በሶፋና በጠረጴዛ መሃል 40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ስኒ ለማንሳት ሰው መነሳት የለበትም፣ ጉልበቱም መጋጨት የለበትም። በቦታው አንዱ ባንዱ ስር የሚገቡ ሁለት ሦስት ትናንሽ ጠረጴዛዎች ውሰጂ።

ቡናውን በረንዳው በር አጠገብ አርጊው፣ ረከቦቱና ዱካው እዛ፣ ባለ ሁለቱም ባለ ሦስቱም ላይ የተቀመጠ ሰው ያይሻል፣ ጭሱም ይወጣል። ከሰል ከሆነ የምትጠቀሚው በሩ ገርበብ ብሎ ሳይሆን ተከፍቶ ነው፣ የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ክረምት ላይ በረደኝ ተብሎ በር ተዘግቶ ከሰል ያለበት ቤት ውስጥ ስንት ሰው አልቋል። ቡናው ሲያልቅም ፍሙን ወደ በረንዳው አውጪው፣ ውስጥ አይደር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጎንደር ነው የምኖረው፣ የራሴ ግቢ። ሳሎኑ 7 ሜትር ይረዝማል ስፋቱ ግን 2 ሜትር ከ80 ብቻ ነው። ግራና ቀኝ ሶፋ አስቀምጠን መሃሉ የእግር መንገድ ሆኗል፣ እንደ ሎንቺና ፊትና ኋላ ነው የምናወራው፣ ዳር ያለው ሰው የኔን ወሬ አይሰማም። ጥምቀትና ፋሲካ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ መቀመጫ መቀነስም አልችልም።

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ሁለት ሶፋ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ከ2 ሜትር ከ80ው ወደ 1 ሜትር ከ80 የሚሆነውን ሶፋው ራሱ ወሰደው፣ ለሰውም ለጠረጴዛም የቀረው 1 ሜትር ነው። በአንድ በኩል ብቻ ያድርጉት። 7 ሜትሩን አንድ ሳሎን ነው ብለው አያስቡት፣ ከበሩ የራቀውን 4 ሜትር ለመቀመጫ፣ ለበሩ ቅርብ የሆነውን 3 ሜትር ለምግብ ጠረጴዛ ይክፈሉት፣ ግድግዳ መሥራት አያስፈልግም፣ ሁለት የተለያየ ምንጣፍ ቢነጠፍና መብራቱ ለየብቻው ቢሆን ይበቃል። የመቀመጫው ክፍል ላይ ሶፋውን በረጅሙ ግድግዳ አድርገው አንዱን አጭር ሶፋ መጨረሻው ግድግዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙረው ያስቀምጡት፣ እርስዎ እዛ ቢቀመጡ የሚገባውንም የተቀመጠውንም ያያሉ፣ ሁሉም ይሰማዎታል።

የበዓሉን ሕዝብ በተመለከተ፣ መጅሊስ ማሠራት ያስቡበት፣ ጥልቀቱ ከሶፋ ያንሳል፣ ክንድ ስለሌለው ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ላይ አራት ይቀመጣል፣ ሥሩም ሳጥን ሆኖ ቢሠራ ብርድ ልብስና ፍራሽ ይይዛል። ጉልበት የሚያምዎት ከሆነ ግን ከፍታው ከ45 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ለአናጢው አስጠንቅቁት፣ ዝቅ ያለ መጅሊስ ላይ መቀመጥ ቀላል ነው፣ መነሳቱ ነው። የቀረው ሰው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ተደራራቢ የሆኑትን ገዝተው ጓዳ ያስቀምጡ። መጋረጃውን ደሞ ከጣሪያው አስጀምረው አጭሩን ግድግዳ ሙሉ ይሸፍኑት፣ ያንንም ግድግዳ ከሌሎቹ ጠቆር ባለ ቀለም ያስቀቡት፣ ቤቱ ያን ያህል የረዘመ አይመስልም።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምጽፈው፣ የምንከራየው ታውንሃውስ ሳሎን ጥጉ ላይ በሰያፍ ፋየርፕሌስ አለው፣ ሶፋውንም ቲቪውንም በሰያፍ ካላደረግሁት አልስተካከል አለኝ፣ እንደዛ ሳደርግ ደሞ ቦታ ያልቃል። የቡና ቦታም እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ፋየርፕሌሱን እንደሌለ ቁጠሪው። ሶፋ በሰያፍ ሲቆም ከኋላው ሦስት ማዕዘን ባዶ ቦታ ይፈጥራል፣ እዛ የልጆች መጫወቻና አቧራ ብቻ ነው የሚጠራቀመው። ሶፋውን ከረጅሙ ግድግዳ ጋር ትይዩ አድርገሽ ቲቪውን ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ፣ ከፋየርፕሌሱ ጎን አድርጊ፣ ከላዩ አይሁን፣ ከፍታውም አይመችም እሳት ከነደደ ሙቀቱም ለቲቪው አይሆንም። ወደ ፋየርፕሌሱ ዞሮ የሚቀመጥ ነገር ከፈለግሽ አንድ የሚሽከረከር ወንበር ይበቃሻል። እሳት የምታነጂበት ከሆነ ግን ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ መሶብ፣ የሚቃጠል ነገር ሁሉ ቢያንስ 3 ጫማ ይራቅ።

ቡናውን ኪችኑና ሳሎኑ የሚገናኙበት ጋ አርጊው፣ ሶኬት ቅርብ ስለሚሆን በኤሌክትሪክ ምድጃ ታፈያለሽ፣ የኪችኑ ጭስ መሳቢያ ማሽንም ጭሱን ይስብልሻል። ከሰል ቤት ውስጥ አታስቢው። ቡና ስትቆዪም ዕጣን ስታጨሺም የጭስ አላርሙ ይጮሃል ብለሽ ባትሪውን እንዳታወጪ፣ ብዙ ሰው ያወጣና መልሶ ማስገባቱን ይረሳዋል፣ መስኮት ክፈቺ፣ ዕጣኑንም ትንሽ ትንሽ አርጊው። የተከራያችሁት ቤት ስለሆነ ግድግዳ ላይ ቲቪ ከመስቀልሽ በፊት ውሉን አንብቢ፣ መብሳት የማይፈቅድ ከሆነ እግር ያለው ስታንድ ገዝተሽ ገመዱን ከኋላው እሰሪው፣ ልጆቹ እንዳይጎትቱት ስታንዱንም ግድግዳ አስደግፊው።