ትራምፔት ትታችሁ ለተመለሳችሁ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ትራምፔት ወደምጠግንባት ጠባብ ክፍል የምትመጡ ልጆች ታሪካችሁ ይመሳሰላል። ትራምፔት የጀመራችሁት በትምህርት ቤት ክበብ ወይም በቤተ ክርስቲያን ባንድ ነው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ የቤት ኪራይ መጣ። ዕቃው ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። አንድ ቀን ናፈቃችሁና አወረዳችሁት፤ ስትነፉት የወጣው ድምፅ ግን ጎረቤት የሚያስቆጣ ሆነ። ያኔ ግማሻችሁ «እኔ አልቆልኛል» ትላላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ «ዕቃው ሞቷል» ትላላችሁ። እኔ ሁለቱንም ቶሎ አላምንም።

መጀመሪያ የእናንተን ችግር ከዕቃው ችግር ለዩ። ምንም ቫልቭ (በጣት የምትጫኑትን ቁልፍ) ሳትጫኑ ሶልን ንፉ። ጥርት ብላ ከወጣች በኋላ ሁለተኛውን ቫልቭ ስትጫኑ ድምፁ የሚታፈን ከሆነ ከንፈራችሁ ምንም አላጠፋም። ከንፈር ጣታችሁ የትኛውን እንደተጫነ አያውቅም። ችግሩ አንድ ቫልቭን እየተከተለ ከመጣ ዕቃው ነው። ሲጀመር ደህና ሆኖ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ላይኛዎቹ ኖታዎች አንድ በአንድ የሚጠፉ ከሆነ ግን ከንፈር ነው፤ ለእሱ ጠጋኝ ቤት መምጣት አያስፈልግም።

ባለፈው ክረምት ከአራት ኪሎ አንዲት ልጅ መጣች። ትራምፔቷ ጭራሽ አልነፋ ብሏታል፤ ትንፋሹ ተመልሶ ፊቷ ላይ ነው የሚመጣው። ሌላ ቦታ «ትልቅ ጥገና ነው፣ ተይው» ተብላለች። የላይኛውን ክዳን ፈታሁና የመጀመሪያውን ፒስተን፣ ቫልቩ ውስጥ ወጣ ገባ የሚለውን ዘንግ፣ አወጣሁት። ፒስተን ላይ በትንሹ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ እዚህኛው ላይ 3 ይላል። የሦስተኛው ቦታ ያለውን ሳወጣ 1። አጥባ ስትመልስ አቀያይራቸዋለች፣ ያው ነው። ፒስተን ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ከቱቦዎቹ ጋር ካልገጠሙ አየሩ ግድግዳ ነው የሚመታው። ቦታ ለቦታ መለስኩ፣ «ቀጭ» እስኪል አዞርኩ፣ ነፋችው። አንድ ብር አልተቀበልኳትም፤ ለቁጥር ማንበብ ዋጋ የለኝም።

«ቀጭ» የምትለዋን ድምፅ እወቋት። ፒስተኑ ጎን ላይ ትንሽ ጆሮ መሳይ መሪ አለች፤ ቦታዋ ውስጥ ስትገባ ነው የምትጮኸው። በብዙ ትራምፔቶች ቁጥሩ ወደ ማውዝፒሱ (ከንፈር ወደሚያርፍበት) ሲዞር ነው ልኩ። ዘይት ጨምራችሁ ስትመልሱ ትንሽ ዞር ካለባችሁም ያው መታፈን ይመጣል።

ቀጥሎ የአየር ማፍሰስን ፈትሹ። የመጀመሪያውን ቫልቭ ስላይድ (ተሳቢ ቱቦ)፣ ቫልቩን ሳትጫኑ ትንሽ ሳብ አድርጉት። ጥቂት ሰከንድ ጠብቁና ቫልቩን ተጫኑ። «ፖፕ» ካለ ጤነኛ ነው። ምንም ካላለ ወይ ስላይዱ ግራሶ የለውም፣ ወይ ቫልቩ ደርቋል፣ ወይ ተበልቷል። በዘይትና በግራሶ ድምፁ ከተመለሰ ነገሩ አለቀ። ከዚህ ፍተሻ ውጭ ግን ስላይድ ስትስቡ ሁልጊዜ ቫልቩን ተጫኑ። የውሃ ማፍሰሻዋንም አትርሱ። ቡሿ ሲያረጅ ትሰነጠቃለች። እየነፋችሁ በጣታችሁ ጫን ስትሏት ድምፁ ከተስተካከለ ሌባዋ እሷ ናት።

አሁን ወደ ፒንሳ ልምጣ። ማውዝፒስ ተጣብቆ እምቢ ሲል ሰው ሁሉ እጁ ወደ ፒንሳ ይሄዳል። እባካችሁ! ማውዝፒሱ የሚገባበት ቱቦ ስስ ነው፤ ስትጠመዝዙት ይጠማዘዛል፣ የተበየደበት ስታኞም ይለቃል። የሁለት መቶ ብር ሥራ የሁለት ሺህ ይሆናል። ለዚሁ የተሠራ መንቀያ መሣሪያ አለ፤ ጠጋኝ ዘንድ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የተጣበቀ ቫልቭንም ከሥር በጠመንጃ መፍቻ አትግፉ። ብዙ ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው፤ ከላይም ከታችም ዘይት አንጠባጥባችሁ ብታሳድሩት ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ቫልቩ ቤት ላይ ስርጉድ ሊኖር ይችላል፣ ያ የእኔ ሥራ ነው።

ዓመታት የተቀመጠ ዕቃ መታጠብ አለበት። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል። ውሃው ለሕፃን ገላ የሚሆን ለብታ ይኑረው፤ የፈላ ውሃ ላዩ ላይ ያለውን ቀለም ያስነሳል። ትንሽ ላርጎ ጠብ አድርጉ። ፒስተኖቹን ለብቻ እጠቡ፤ ላያቸው ላይ ያለው ፌልትና ቡሽ ውሃ አይወድም። መሬቱ ላይ ጨርቅ አንጥፉ፣ ፒስተን ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ዕዳ ነው። በተጣጣፊ ረጅም ብሩሽ ቱቦውን ስትፈትጉት የሚወጣውን አረንጓዴ ነገር ስታዩ ምሳችሁን ትረሳላችሁ። እሱን ነው ስትስቡ የነበረው።

ዘይትን በተመለከተ ክርክር አልፈልግም። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። ድሮ ነጭ ጋዝ የሚያንጠባጥቡ ነበሩ፤ ለጊዜው ያንሸራትታል፣ ግን ቶሎ ይተናል፣ ሽታውንም የምትምጉት እናንተ ናችሁ። የቫልቭ ዘይት ግዙ። አንድ ጠርሙስ ብዙ ወር ይሄዳል።

ሌላው ብዙ ልጆችን የሚያሳስታቸው ብርድ ነው። በኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ የቀዘቀዘ ትራምፔት ከቅኝቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚጮኸው። ማስተካከያ ስላይዱን እስከ መጨረሻው ከመግፋታችሁ በፊት ቫልቮቹን ተጭናችሁ ድምፅ ሳታወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ንፉበት። ሲሞቅ ይመጣል። ታችኛው ሬ እና ከሥሩ ያለው ዶ ዲያዝ ከቅኝት ከፍ ማለታቸው ግን ጥፋት አይደለም፤ የትራምፔት ተፈጥሮ ነው። የሦስተኛው ስላይድ ቀለበት የተሠራላችሁ ለዚያ ነው፣ ወደ ውጭ ግፉት።

ስለ ከንፈር ብዙ አልልም። የነፋችሁትን ያህል ዕረፉ። ረጃጅም ኖታ በዝግታ። ላይኛው ኖታ እምቢ ሲል ማውዝፒሱን ጥርሳችሁ ላይ አትጫኑት፤ ዛሬ ቢወጣ ነገ ከንፈራችሁ ያብጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣችሁ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ።

ዕቃ የሌላችሁና አሮጌ ልትገዙ ያሰባችሁም አላችሁ። አዲስ አበባ ለትንፋሽ መሣሪያ እንግዳ አይደለችም። ራስ ተፈሪ ለትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም የገቡት በ1924 እ.ኤ.አ. ነው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛውም ፖሊሱም ጦሩም ባንድ ነበረው። ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ዕቃ ቢያጋጥማችሁ አይግረማችሁ። ስርጉድና የተላጠ ቀለም አያስፈራ። ማውዝፒሱ የሚገባበት ቱቦ ላይ ግን ሮዝ ነጠብጣብ ካያችሁ ተጠንቀቁ። ነሐሱ ውስጥ ያለው ዚንክ እየተበላ መዳቡ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ በውስጥ የጀመረ ነውና በማሸት አይድንም። ቱቦው ይቀየራል፣ የሚገኝ ከሆነ።

ወደ ጠጋኝ ስትሄዱ «ድምፁ ልክ አይደለም» ብላችሁ ብቻ ዕቃውን አታስረክቡ። የትኛው ኖታ፣ በየትኛው ቫልቭ፣ ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ፣ ንገሩት። ማውዝፒሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአሥር ሰው ስድስቱ ቤት ረስቶት ነው የሚመጣው።