የባለቤትሽ እብጠትና የእናትሽ ነጠብጣብ፦ ማን ጋ ይታዩ?

እህቴ፣ ባለቤትሽ ጀርባ ላይ ያለው የማያመው ግን ቀስ እያለ የሚያድገው እብጠት የቆዳ ሐኪም ጋ ነው ወይስ ቀዶ ሐኪም ጋ ብለሽ ጠይቀሻል፤ የእናትሽን ጉንጭ ጥቁር ነጠብጣቦችም ጨምረሽ።

እስቲ እብጠቱን ዳስሽው። ለስለስ ያለና ከቆዳው ስር በጣት ሲገፉት ፈቀቅ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሊፖማ ነው፤ የስብ እብጠት ማለት። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለው ደግሞ ሲስት ሊሆን ይችላል። ሲስት ከረጢት አለው። ውስጡ ያለው የሚሸት ነጭ ነገር ተጨምቆ ቢወጣም ከረጢቱ እስካለ ተመልሶ ይሞላል፤ መግል ከያዘ ደግሞ ሐኪሙ መግሉን ሊያፈስ ይችላል፣ ከረጢቱን ለማውጣት ግን እስኪበርድ መጠበቁን ይመርጣል። «ላፍርጥልህ» ባይ እንዳይነካው።

ሁለቱም ከቆዳ ስር ስለሆኑ በብዛት የሚያወጣቸው ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ነው። የኔ ሊፖማ ትከሻዬ ላይ ነበር። ሐኪሙ በሁለት ጣቱ ይዞ ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አደረገው፣ «ከስር አልያዘም» አለኝ፣ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ አወጣልኝ። የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጎተት ብቻ ነው የተሰማኝ። ነርሷ የወጣውን ቢጫ ስብ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከታ ስሜን በፕላስተር ለጠፈችበት። ይቺን ብልቃጥ አደራ! ናሙናው ፓቶሎጂ (የወጣውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ላቦራቶሪ) ይላክ በይ፤ ዋጋው ከቀዶ ሕክምናው ተለይቶ ሊጠየቅ ስለሚችል ቀድመሽ አጣሪ።

የእናትሽ ግን የቆዳ ሐኪም ጉዳይ ነው። ጉንጭ ላይ የሚበዙት ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች የተለመዱ፣ በቤተሰብ የሚወርዱና ወደ ካንሰር የማይሄዱ ናቸው። ሐኪም አይቶ ያው ነው ካላት፣ እሷንም ካላስጨነቃት ይቀመጥ። ውበት ሳሎን ሄዳ ብታስቃጥለው ግን ጠባሳው ከነጠብጣቡ ሊብስ ይችላል።

የመንግሥት ከሆነ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፉ። ለቆዳ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ነው፤ ከፒያሳ ራቅ ቢልም (በጦር ኃይሎች አልፋችሁ ወደ አየር ጤና መስመር) ድሮ ለሥጋ ደዌ የተቋቋመ ስለሆነ ቆዳ ሥራው ነው። እብጠቱ ከ5 ሳንቲሜትር ካለፈ፣ ከጠጠረ፣ ሲገፉት አልነቃነቅ ካለ ወይም በአጭር ጊዜ በፍጥነት ካደገ ግን ቀጠሮ አታስረዝሙ። እግር መዳፍ ወይም ጥፍር ስር የወጣ፣ የሚሰፋ ጥቁር ምልክትም እንዲሁ፤ እኛ ላይ ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር በብዛት የሚወጣው እዚያ ነው።

ባለቤትሽ ከዚህ በፊት ቆስሎ ጠባሳው ያበጠበት ከሆነ፣ ማለትም ኬሎይድ ካለበት፣ ከመቀደዱ በፊት ይናገር። ጀርባና ትከሻ ለኬሎይድ የተጋለጡ ናቸው፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ መልሶ ያመጣዋል፣ የስቴሮይድ መርፌ ይከተላል። እኔን ሐኪሙ ራሱ ጠይቆኛል፤ እሱን ካልጠየቁት አንቺ አንሺው።