ስትቀሩ «ምነው?» የሚላችሁ ቦታ

ውጭ አገር የሚኖሩ የደሴ ልጆች ለበዓል ሲመጡ በሳምንት ውስጥ ፊታቸው ይበራል። እናቶች «አየሩ ተስማምቷቸው ነው» ይላሉ። አንዳንዷ «እንጀራው ነው» ትላለች። እንጀራማ ዛሬ ዋሽንግተንም ፍራንክፈርትም ሞልቷል። አየሩም ቢሆን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ፊት አያበራም። እኔ ጀርመን ብዙ ዘመን ኖሬ አሁን ሆጤ አካባቢ የእናቴን ቤት ይዤ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። ልጆቹን የሚለውጣቸው በር የሚያንኳኳው ሰው መብዛቱ ነው። እዚህ ሁለት ቀን ከቡና ከጠፋሽ «ምነው፣ አመማት እንዴ?» ተብሎ ልጅ ይላክብሻል።

ዛሬ የምመክራችሁ ስለ ዮጋ ነው። አትሳቁ።

ውጭ አገር ብቸኝነት የተሰማው ሰው ሁሌ የሚሰማው ምክር «ከሰው ጋር ተቀላቀል» የሚል ነው። የት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ማንም አይነግረውም። የሀበሻ ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ በቅርባችሁ ካለ እሱን አትልቀቁ። ግን ብዙዎቻችሁ ሀበሻ የሌለበት ትንሽ ከተማ ውስጥ ናችሁ። ወይ የማታ ፈረቃ ትሠራላችሁ። ወይ ደግሞ የማኅበሩ ፖለቲካ አንገሽግሿችሁ በር ዘግታችሁ የተቀመጣችሁ ናችሁ፤ እሱንም አውቃለሁ። ለእናንተ ነው ይሄን የምለው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ የታወቀ ሰዓት፣ ከእነዚያው ሰዎች ጋር የሚሠራ የቡድን ዮጋ ፈልጉ። ሰውነት ማፍታታቱ ምርቃት ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። የቅሬ ትልቁ ነገር ድንኳኑና ገንዘቡ ይመስላል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የቀረ ሰው መታወቁ ነው። ለቅሶ ላይ ያልታየ ይጠየቃል። ውጭ አገር አብዛኛው ሰው ከሥራ ሲቀር ብቻ ነው የሚፈለገው፤ እሱም ፈረቃው እንዳይጓደል ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ቦታ ያለ ደመወዝ የምትፈለጉበት ቦታ ነው።

«ታዲያ በዩቲዩብ ቤቴ ሆኜ ብሠራውስ?» ትላላችሁ። ለወገብ ይጠቅማል። ለዚህ ለምናወራው ነገር ግን አይሆንም፤ ዩቲዩብ ስትቀሩ አይጠይቃችሁም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት አለ። ሁለት ሰዎች ከመተዋወቅ አልፈው እንደ ነገሩ ጓደኛ ለመባባል 50 ሰዓት ያህል አብረው ማሳለፍ አለባቸው ይላሉ። የምር ጓደኛ ለመሆን 90 ሰዓት ያህል፣ ለቅርብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። ደሴ ላይ አስቡት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል አንድ ሰዓት በቀላሉ ያልፋል። በየቀኑ ከሆነ ሁለት ወር ሳይሞላ 50ው ይደፈናል። ለዚህ ነው አዲስ ተከራይ እንኳ በአንድ ክረምት የሰፈር ሰው የሚሆነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ዮጋ ስትሠሩ ግን 50 ሰዓት ለመሙላት ዓመት ይፈጃል፤ ያውም ሰዓቱ ዝም ተብሎ የሚያልፍ ነው። መፍትሔው ከዮጋው በኋላ የሚጠጣው ሻይ ነው። ሻይ የሌለበት ክፍል ለእኛ ጉዳይ ግማሽ ዋጋ አለው።

ስለዚህ ክፍል ስትመርጡ አስተማሪዋ ምን ያህል ትተጣጠፋለች የሚለውን ተዉት። ስትደውሉ «ሰዎች ካለቀ በኋላ ይቆያሉ? አንድ ላይ ሻይ ይጠጣሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። አታፍሩ፤ ጥያቄው ይገባቸዋል። ትልልቅ ጂሞች ውስጥ በየሳምንቱ ሌላ ሰው ነው የሚመጣው፤ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ወደ መኪናው ይሮጣል። የቀበሌ አዳራሽ ቢጤ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሰፈር ማዕከል ይሻላል። ጀርመን ያላችሁ ፎልክስሆክሹለ የሚባለውን የከተማ ማሠልጠኛ እዩ። ኮርሱ ለተወሰኑ ሳምንታት ይቆያል፤ የተመዘገቡት ሰዎችም እስከ መጨረሻው እነዚያው ናቸው። ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው። ዕውቅና ላለው የዮጋ ኮርስ ደግሞ ክራንከንካሰው፣ ማለትም የጤና መድኅኑ፣ ብዙውን ጊዜ ከክፍያው ጥሩ ድርሻ ይመልሳል። በቂ ቀን መገኘታችሁን የሚያሳየውን ወረቀት ተቀብላችሁ አስገቡ። ስዊድን ያላችሁ ፍሪስኪስ ኦክ ስቬቲስ የሚባል የስፖርት ማኅበር አለላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ዋይኤምሲኤ የሚባለው የሰፈር ስፖርት ማዕከል ለገቢያችሁ የሚሆን ቅናሽ እንዳለው ጠይቁ። የትም ሁኑ፣ መጀመሪያ ላይ የዓመት ውል አትፈርሙ። በየክፍለ ጊዜው የሚከፈለው ትንሽ ቢወደድም ይሻላል፤ ካልተመቻችሁ ወጥታችሁ ሌላ ትሞክራላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ያስደነግጣል። ትገባላችሁ፤ ሰው ሁሉ ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሏል። ሰላም የሚል የለም። የእኛ ሰው እዚህ ጋ ነው «ጠሉኝ» ብሎ የሚወጣው። አልጠሏችሁም። ደንቡ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት አይወራም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ካልሲም ያንሸራትታልና ይወልቃል። ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ከባድ ነገር አለመብላት ነው። ክትፎ በልታችሁ ጭንቅላታችሁን ወደ ታች ብትደፉ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ቋንቋው አያሳስባችሁ፤ የፊታችሁን ሰው አይቶ መከተል ይበቃል። ቋንቋ ገና ላልያዘ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ስም ሳትጠሩ፣ ሰዋስው ሳትፈሩ አንድ ሰዓት ከሰው ጋር ትሆናላችሁ።

ምንጣፋችሁን በየሳምንቱ አንድ ቦታ ዘርጉ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ይሠራል። ቦታው የእናንተ ይሆናል። የጎናችሁ ሰውም የእናንተ ጎረቤት ይሆናል፤ ስትቀሩም ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል።

እኔን ያግባባኝ ጋቢ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም በጀርባው ተንጋሎ ዓይኑን የሚጨፍንበት የእረፍት ጊዜ አለ። ሰውነት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ እነሱ ከመደርደሪያ የስቱዲዮውን ብርድ ልብስ ያነሳሉ። እኔ ማን እንደለበሰው የማላውቀውን ብርድ ልብስ አልለብስም። እናቴ ከደሴ የላከችልኝን ጋቢ አጣጥፌ ይዤ ሄድኩ። ከጎኔ የምትተኛ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ጫፉን በጣቶቿ አሸት አደረገችና «በእጅ የተፈተለ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ስለ እንዝርት ጠየቀችኝ። ሻይ ቤት ገብተን ስለ እንዝርት፣ ስለ ጥጥ፣ ከዚያ ስለ እናቴ፣ ከዚያ ስለ እሷ እናት። ጋቢ የሌላችሁ ነጠላም ይሆናል። ቆሎም ይዛችሁ ሂዱ፤ ቆሎ አፍ ያስፈታል።

ሃይማኖቱስ? ከደሴ ስልክ ሲደወል ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። «ምን አምልኮ ውስጥ ገባሽ ደግሞ?» እናቶቻችን የሚሰጉት በከንቱ አይደለም። ዮጋ ሥሩ ከሕንድ እምነት ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱን መካድ አያስፈልግም። አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ዛሬም የሳንስክሪት ዜማ ይዜማል፤ ምስል ይቀመጣል። በሌላው ደግሞ ከወገብና ከትንፋሽ በቀር ምንም የለም። የጀርባ ዮጋ፣ የወንበር ዮጋ የሚባሉት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ቀድማችሁ «ዜማ ወይም ጸሎት አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲዜም ዝም ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም። ልባችሁ ካልተቀበለው የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን አማክሩ። አይሆንም ካሏችሁ ፒላቴስ የሚባል ሆድና ወገብ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አለ፤ የእግር ጉዞ ቡድን አለ። እንግሊዝ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት በየፓርኩ ፓርክራን የሚባል የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በነፃ አለላችሁ፤ መራመድም ይቻላል። ሰዓቱ አንድ፣ ሰዎቹም እነዚያው እስከሆኑ ድረስ ለእኔ ሁሉም ያው ነው።

ሳዑዲ ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች «እኛጋ ይሄ አይታሰብም» ስትሉ ሰምቻለሁ። ይታሰባል። የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 አካባቢ ዮጋን ከስፖርት እንቅስቃሴዎች አንዱ አድርጎ ፈቅዷል። ለዚህም ኑፍ አልማርዋኢ የተባለች ሳዑዲያዊት አስተማሪ ብዙ ደክማለች። የሴቶች ብቻ ክፍል አለ፤ ሂጃብ አድርጎ መሥራትም አያስቸግርም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ሰው ቤት እየሠራች የእረፍት ቀን የማታገኝ እህቴን «ስቱዲዮ ሂጂ» ብላት ሹፈት ነው። ለእሷ ሌላ መላ አለ። አንድ ሁለት ጓደኞች ያዢ። ማታ ሥራ ስታበቁ ተደዋውላችሁ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋችሁ ወለል ላይ አስቀምጡት። ከመካከላችሁ አንዷ ትምራ፤ እጅ ወደ ላይ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ፣ ጎንበስ፣ ቀና። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ወሬ። አንዷ በሰዓቷ ካልገባች ሌላዋ ትደውልላት። ይሄ ለወገብ ብቻ አይምሰላችሁ፤ አንዲት ሴት ችግር ላይ ስትወድቅ በዚያው ምሽት የሚያውቅላት ሰው አለ ማለት ነው።

አብሮ የመንቀሳቀሱን ነገር ትንሽ ላክልበት። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት ላይ ጀልባ ቀዛፊዎች ለብቻቸውና በቡድን እንዲለማመዱ ተደረገ። ልፋቱ እኩል ነው። በቡድን ከቀዘፉ በኋላ ግን ሕመም የመቻል አቅማቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ይሄን አንጎል ከሚያመነጨው ኢንዶርፊን ከሚባለው ሕመም አስታጋሽ ንጥረ ነገር ጋር ያያይዙታል። መንዙማ ላይ በድቤው እየተወዛወዘ ያደረ ሰው ይሄ አይደንቀውም። ወረብ ላይ ጽናጽል ይዞ የቆመም እንዲሁ። አዳሩን ችለው ጠዋት እየሳቁ ነው የሚወጡት።

ወንዶቹ «የሴት ነገር ነው» ትላላችሁ። ዘመናዊውን ዮጋ ካስፋፉት አንዱ የሆኑት ክሪሽናማቻርያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሕንድ አገር ማይሶር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያስተምሩ የነበረው ወንዶች ልጆችን ነው። ሴት ለመቀበል መጀመሪያ አንገራግረው ነበር ይባላል። «የፈረንጅ ፋሽን ነው» ለሚለኝ ደግሞ ሌላ አለኝ። ዮጋ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ጉባዔ ነው። የእኛ ገዳ የተመዘገበውም በዚያው ጉባዔ ነው።

ጥቂት ጥንቃቄ። ደም ግፊት፣ የዓይን ግፊት (ግላኮማ)፣ የዲስክ ችግር ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች መጀመሪያ ሐኪም ታማክር፤ ለአስተማሪዋም ትንገር። እስከ 40 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል የሚሠራውን ለጀማሪ አልመክርም፤ በጾም ወቅት ደግሞ ጭራሽ። ረመዳን ላይ ከኢፍጣር በፊት ቀለል ያለውን ሥሩ። እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካላችሁ፣ ሕይወት ካስጠላችሁ፣ ያ የሐኪም ጉዳይ ነው። ዮጋ ላይ አታሳድሩት።

አንድ መለኪያ ልስጣችሁ። ሁለት ሦስት ወር ከሠራችሁ በኋላ ብትቀሩ «የት ጠፋሽ?» የሚል አለ? ካለ ያዙት፤ መንገዱ ቢርቅም ያዙት። ከሌለ መጀመሪያ እናንተ የሌላውን ሰው መቅረት ጠይቁ። «ባለፈው ሳምንት አላየሁህም፣ ደህና ነህ?» በሉ። ፈረንጅ ይሄ ሲደርሰው ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ግን ደስ ይለዋል። እሱም ካልሠራ ክፍሉን ቀይሩ።

ለመጀመር ቀን ለሚያማርጥ ሰኔ 14 ጥሩ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሞታል፤ በእኛ ሰኔ 14 ላይ ይውላል። ያን ሰሞን በብዙ ከተሞች የሕንድ ኤምባሲዎችና ማኅበራት በየፓርኩ ሜዳ ላይ ሰው ሰብስበው ያሠራሉ። አብዛኛው በነፃ ነው። ምንጣፍ ባይኖራችሁም ፎጣ ይበቃል። ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ሲያልቅ ከጎናችሁ ያለውን ሰው በዘወትር ቀን የት እንደሚሠራ ጠይቁት።