ለጨረር ዕቅድ በተነሳ ስካን ላይ የሳንባ ምች ሲታይ

ጥያቄ፦ እናቴ የግራ ጡት ካንሰር ኦፕሬሽንና ኬሞ ጨርሳ ለጨረር የዕቅድ ሲቲ ስካን ተነሳች። በማግስቱ ተደውሎ «ሳንባዋ ላይ የቫይረስ ምች የሚመስል ነገር ስላለ ጨረሩ ይቆይ» ተባልን። አታስልም፣ አያተኩሳትም። ለጡቷ በተነሳ ስካን ሳንባዋ እንዴት ታየ? ካንሰሩ ተሰራጭቶ ይሆን?

መልስ፦ የጡት ጨረር ዕቅድ ስካን ሁለቱንም ሳንባ ይጨምራል። ሳንባና ልብ ላይ የሚያርፈው የጨረር መጠን የሚሰላው በዚሁ ምስል ስለሆነ ግድ ነው። ሳል ሳይኖር ምች መታየቱም እንግዳ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲስፋፋ በአውሮፓ የጨረር ክፍሎች ምንም ስሜት በሌላቸው ታካሚዎች ስካን ላይ ተገኝቷል።

የኮቪድ ምች አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ሳንባ፣ ወደ ጠርዙና ወደ ኋላ፣ ከታች በዛ ብሎ እንደ ስስ ጉም ይታያል። የተሰራጨ ካንሰር ግን ብዙውን ጊዜ ዳርቻቸው የለየ ክብ እብጠቶች ሆኖ ነው የሚታየው። ያም ሆኖ ምስሉ ብቻውን የበሽታውን ስም አይናገርም። ኢንፍሉዌንዛ፣ አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ በወሰደ ሰው ላይ የሚነሳ የፈንገስ ምችም ተመሳሳይ ጉም ያመጣሉ። ስለዚህ የአፍንጫ ናሙና ፒሲአር፣ የነጭ ደም ሴል ቆጠራና የኦክሲጅን ልኬት ይሠራላት፤ የወሰደችውን መድኃኒት ሁሉ በዝርዝር ይንገሯቸው። ፒሲአሩ ነጻ ቢል እንኳ ጥርጣሬው ካልለቀቀ ይደገማል። ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ኦክሲጅኗ ከ94 በመቶ ከወረደ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

ጨረር ላልጀመረች የጡት ታካሚ ጥቂት ሳምንት መቆየት አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። የማህፀን በር ወይም የአንገት ካንሰር ጨረር መሃል ላይ ሲቋረጥ ግን የጠፉት ቀናት መካካስ አለባቸው። ለግራ ጡት፣ ልቧ ከጨረሩ እንዲርቅ ትንፋሽ በጥልቀት ስቦ መያዝ ከታዘዘላት፣ ሳንባዋ ሳያገግም እንደ ፊቱ 20 ሰከንድ ያህል ላትይዝ ትችላለች። ስትመለስ ስካኑ ይደገም እንደሆነ ሐኪሟን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የጨረር ቴክኖሎጂስት ነኝ። የዕቅድ ስካኖቻችን ወደ ራዲዮሎጂስት አይላኩም። ምን ባደርግ አያመልጠኝም?

መልስ፦ መጀመሪያ ዊንዶው፣ ማለትም ምስሉ በስክሪን ላይ የሚታይበትን የጥቁርና ነጭ ቅንብር፣ ይቀይሩ። ዕጢ ለዕቅዱ በመስመር የሚከበብበት የለስላሳ አካል ዊንዶው፣ ማለትም ስፋት 400፣ መሃል 40፣ ሳንባን ጥቁር ስለሚያደርግ ስሱን ጉም ይውጠዋል። ስፋቱን 1500፣ መሃሉን −600 አድርገው ዕጢው ያለበትን ብቻ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች ያለውን ቁራጭ ሁሉ ይዩ። የሆድ ስካን የሳንባን ግርጌ፣ የአንገት ስካን ጫፉን ይይዛል፤ የሚዘነጉትም እነዚህ ናቸው።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። በነጻ ትንፋሽ ሲነሳ ዲያፍራምና ልብ አጠገብ ያለው ይደበዝዛል። በጀርባ በተኛ ሰው ከኋላ በኩል ስስ ግራጫ ቅብ ይታያል፤ በሆድ ሲተኛ ከጠፋ ምች አይደለም። የጨረር ጉዳት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሕክምናው በኋላ በ1 እና በ6 ወር መካከል ይመጣል፤ ጨረሩ ያለፈበትን መስመር ተከትሎ ቀጥ ባለ ጠርዝ ይቆማል። ቫይረስ ያንን መስመር አያውቅም። ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳ መድኃኒት) የሚወስድ ታካሚ ግን ሁለቱንም ሳንባ የሚያዳርስ ተመሳሳይ ጉም ሊኖረው ስለሚችል መድኃኒቱን ያጣሩ። በየዕለቱ የሚነሳው የማረጋገጫ ምስል ጥራቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዕቅድ ስካኑ ጎን አድርገው አዲስ የመጣ ነገር ይፈልጉ።

የሳንባ ካንሰር ከሆነ ደግሞ ዕጢው አጠገብ ያለ ምች እንደ ዕጢ ተከቦ ጨረሩ ያለ ቦታው ሊሰፋ ይችላል። የሳንባ ምች ሲለቅ የሳንባው ጥግግት ስለሚቀየር የተሰላው መጠንም ይዛባል።

ምስሉን ታካሚው ከአልጋው ሳይወርድ ይዩት። ከተጠራጠሩ ማስክ ያድርጉለት፣ ለጨረር ሐኪሙ ወዲያው ይደውሉ፤ መዝገብ ላይ ጽፎ መተው አይበቃም። አልጋውንና መደገፊያዎቹን በጸረ ተህዋሲ አጽድተው፣ ክፍሉ አየር ከተቀየረ በኋላ ቀጣዩን ታካሚ ያስገቡ።