ግዛቶቹ ተነጋግረው ፈጣን ባቡር ማቀድ አቃታቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! አሜሪካ ያን ሁሉ ገንዘብ ይዛ ፈጣን ባቡር መዘርጋት ለምን አቃታት? ግዛቶቹ ተነጋግረው ማቀድ አይችሉም?

መልስ፦ ይነጋገራሉ እኮ! በርካታ የመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች የመንገደኛ ባቡርን አብረው ለማቀድ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የጸና ስምምነት አላቸው። ስምምነቱ ግን ማንንም ገንዘብ አውጣ ብሎ አያስገድድም። በ2010 የሆነውን ይመልከቱ። ከቺካጎ ተነስቶ በሚልዋኪና በማዲሰን በኩል ሚኒሶታ ይደርሳል ለተባለው መስመር፣ የፌዴራል መንግሥት ለዊስኮንሲን 810 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ ነበር፤ አዲስ የተመረጠው ገዥ ስኮት ዎከር ግን የማስኬጃው ወጪ ግብር ከፋዩ ላይ ይወድቃል ብሎ አልፈልግም አለ፣ ገንዘቡም ለሌሎች ግዛቶች ተከፋፈለ። መሃል ያለው እምቢ ካለ ግራና ቀኝ ያሉት ምን ያድርጉ?

ስጋቱ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ2008 የወጣው ሕግ ከ750 ማይል የማይበልጡ መስመሮችን ወጪ (ከቦስተን እስከ ዋሽንግተን ካለው በስተቀር) በአመዛኙ ግዛቶቹ ላይ ይጥላል። ታዲያ እንዴት ይካፈሉት፣ በኪሎ ሜትር ወይስ በተሳፋሪ? ለእኔ፣ ሐዲድ ከመነጠፉ በፊት መፈረም ያለበት ይሄ ነው።

በ2024 ኢሊኖይ፣ ዊስኮንሲንና ሚኒሶታ ተባብረው ከቺካጎ ሴንት ፖል የሚሄድ ባቡር አስጀምረዋል። በማዲሰን አያልፍም፣ ፈጣን የሚባልም አይደለም።