የቫን ፍሪጅ ለምን ይጠፋል? ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዛሬ ማታ ስለ 12 ቮልት ፍሪጅ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የማወራው ኮምፕሬሰር ስላለው ተንቀሳቃሽ ፍሪጅ ነው። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ሳትይዙ አትምጡ። «አይሠራም» ስሞታ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ፍሪጁ የሚሰካበት ጫፍ ላይ፣ ኮምፕሬሰሩ እየሠራ፣ ስንት ቮልት እንዳለ ንገሩኝ።

ባለቫኑ፦ ጋሼ፣ ባትሪዬ አዲስ ነው፤ ስለካው 12.6 ያሳያል። ፍሪጁ ግን ይነሳና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። ቀይ መብራቱ አንዴ ብልጭ ይልና ያርፋል፣ ደግሞ አንዴ ብልጭ ይላል። ባትሪውን መልሼ ልለውጠው?

መላሽ፦ እንዳትለውጥ! 12.6 ያልከኝ ፍሪጁ ከጠፋ በኋላ፣ ያውም ባትሪው ራስ ላይ የለካኸው ነው። በሽቦ ውስጥ ጉዞ ከሌለ ኪሳራም የለም፤ ምንም አምፔር ካልሄደ በጣም ቀጭኑ ሽቦ እንኳ ጫፉ ላይ 12.6 ያሳይሃል። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ነው ጉዱ የሚወጣው።

በቁጥር እንየው። ከባትሪ እስከ ፍሪጅ 5 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነው። 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከሆነ 5 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 0.9 ቮልት ይበላል። 2.5 ከሆነ 0.35፣ 6 ከሆነ 0.15 ገደማ። ኮምፕሬሰሩ ለመነሳት ደግሞ ከ5 አምፔር በላይ ይስባል፣ ኪሳራውም አብሮ ይጨምራል። ሶኬቱና መጋጠሚያዎቹ የሚበሉት ገና አልተቆጠረም።

አንድ ብልጭታ በሴኮፕ (የኮምፕሬሰር አምራች ነው፣ የቀድሞው ዳንፎስ) መቆጣጠሪያ «ቮልቱ አነሰኝ፣ ባትሪውን ልጠብቅ» ማለት ነው። መደበኛው ልክ 10.4 ላይ ዘግቶ 11.7 ሲደርስ መክፈት ነው። ፍሪጁ ሲዘጋ ሸክሙ ይነሳል፣ ቮልቱ ወዲያው ያገግማል፣ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይወድቃል። አንተ የምትደርሰው ካገገመ በኋላ ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙዎቹ ፍሪጆች የባትሪ ጥበቃቸው ሦስት ደረጃ አለው። ከፍተኛው መኪናውን ለሚያስነሳው ባትሪ የተሠራ ነው፤ ገና ከ11 ቮልት በላይ እያለ ይዘጋል። ለፍሪጁ ብቻ የተመደበ ባትሪ ካለህ ዝቅ አድርገው። ግን ደረጃ ዝቅ ማድረግ የሽቦን በሽታ አያድንም።

የጉዞ ሰው፦ ሽቦው የት ጋ እንደሚበላ በምን ይታወቃል? ሁሉንም አንፈታም መቼም።

መላሽ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው። ፍሪጁ እየሠራ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን እግር ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፍሪጁ ጋ በሚደርሰው የፖዘቲቭ ጫፍ ላይ። የምታነበው ቁጥር መንገድ ላይ የቀረው ነው። ከዚያ ሁለተኛውን እግር ወደ ባትሪው እያቀረብክ፣ ከሶኬቱ በፊት፣ ከፊውዙ በኋላ፣ ከፊውዙ በፊት እያልክ ና። ቁጥሩ ድንገት ያነሰበት ቦታ ሌባው አለ። በነጌቲቭ በኩልም ይህንኑ ድገም። ሁሉም ፖዘቲቩን ለክቶ ነጌቲቩን ይረሳል፤ ግማሹ መንገድ እሱ ነው እኮ።

ሌባው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ሲጋራ ለመለኮስ እንጂ ፍሪጅ ሌሊቱን ሙሉ ለማሠራት አልተሠራም። በስፕሪንግ ጫና ብቻ የሚነካ ነገር መንገድ ሲያንገጫግጨው ይላላል፣ ሲላላ ይግላል፣ ሲግል ይቀልጣል። ግማሽ ሰዓት ካሠራችሁ በኋላ መሰኪያውን በእጃችሁ ንኩት። ትኩስ ከሆነ ያ ሙቀት ፍሪጁ ያጣው ኃይል ነው። ቆርጣችሁ ጣሉትና አንደርሰን መሰኪያ (ለከባድ አምፔር የተሠራ፣ አጥብቆ የሚይዝ) ግጠሙ።

አዲስ ገቢ፦ ፊውዝ ስንት ልጠቀም? የእኔ ስለሚቃጠል 30 አምፔር አድርጌበታለሁ።

መላሽ፦ ምን አልክ? አሁኑኑ አውጣው! ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ፍሪጁን አይደለም። ቀጭን ሽቦ ላይ 30 ስታደርግ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ይሆናል፣ ያውም ከፍራሽህ ሥር። በ6 ካሬ ሽቦ ላይ 15 ይበቃል። ቦታው ባትሪው አጠገብ።

ሌሊት ነጂ፦ እናንተ ደግሞ ታወሳስባላችሁ። እኔ ሊቲየም ባትሪ ገዛሁ፣ ችግሩ በዚያው ቀን ጠፋ።

የጉዞ ሰው፦ ችግሩ አልጠፋም፣ ተሸፈነ እንጂ። ሊቲየም ሲሠራም 13 ቮልት አካባቢ ስለሚቆይ ሽቦው ቢበላበትም ይተርፈዋል።

ሌሊት ነጂ፦ ከሠራ ምን ቸገረኝ? በየዓመቱ የእርሳስ ባትሪ ስትቀይር ያኔ እንገናኝ።

የጉዞ ሰው፦ የእኔ አምስት ዓመቱን ይዟል፣ ግማሽ ሳይደርስ ስለምሞላው። አንተ በውርጭ ጠዋት ሊቲየምህን ስትሞላ ያኔ እንገናኝ። ከ0 ዲግሪ በታች እንደማይሞላ ማን ይንገርህ?

መላሽ፦ የባትሪ ክርክር ሌላ ቀን። የሊቲየሙ ነገር ግን የጉዞ ሰው እንዳለው ነው፤ የጋለው መሰኪያ አሁንም እየጋለ ነው።

ቁራሽ፦ የእኔ ሞተር ሲነሳ ይሠራል፣ ሳጠፋው ይቆማል።

መላሽ፦ ወይ ሶኬቱ ከቁልፉ ጋር ይጠፋል፣ ወይ ዲናሞው 14 አካባቢ ሲሰጥ ኪሳራው ይደበቃል። ለካ።

ባለ ሁለት ልጅ፦ ወንድሜ፣ በኢንቨርተር አድርጌ በ230 ባሠራውስ?

መላሽ፦ ለምን እህቴ? 12ቱን 230 ታደርጊዋለሽ፣ ፍሪጁ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፤ በሁለቱም በኩል ትከስሪያለሽ። ኢንቨርተሩ ደግሞ ፍሪጁ ሲያርፍም ይበላል።

ቁራሽ፦ በጋዝም የሚሠራ ፍሪጅስ?

መላሽ፦ እሱ ሌላ ፍጡር ነው፣ የእኔ ሙያም አይደለም። ጋዝ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ ስንት ዋት ሶላር ያስፈልገኛል?

መላሽ፦ 30ውን ፊውዝ አወጣኸው?

አዲስ ገቢ፦ ነገ።

መላሽ፦ እንግዲያው የሶላሩም ነገ።

ባለቫኑ፦ ጋሼ፣ ለክቼ መጣሁ። እየሠራ ባትሪው 12.4፣ መሰኪያው ጋ 10.9። በፖዘቲቭ መንገድ 0.3፣ በነጌቲቭ 1.2 ጠፋ።

መላሽ፦ ጎሽ! ነጌቲቩን የት አሰርከው?

ባለቫኑ፦ ከወለሉ ሥር፣ የቫኑ አካል ላይ በብሎን።

መላሽ፦ ቀለሙን ፍቀህ?

ባለቫኑ፦ ቀለም ይፋቃል እንዴ?

መላሽ፦ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሽቦህ ከብረቱ ጋር የሚነካካው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነው። ቦታውን ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው፣ አጥብቀው፣ ዝገት እንዳይበላው ቅባት ቀባው። ከቻልክ ግን አካሉን ተወውና እስከ ባትሪው ድረስ የራሱን 6 ካሬ ሽቦ ሳብለት። ከዚያ እንደገና ለካና ንገረኝ።

ዘግይቶ የመጣ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፍሪጄ ይነሳና ይጠፋል፣ ባትሪው አዲስ ነው። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ስንት ቮልት?

ዘግይቶ የመጣ፦ የት ጋ?

ባለቫኑ፦ ጋሼ፣ ይቺን እኔ ልመልሳት።