«ማሟያ» ወይስ «ድጋሚ»?

ጥያቄ፦ በሬዲዮ «በሞት የተለዩትን የምክር ቤት አባል ለመተካት ድጋሚ ምርጫ ይደረጋል» ሲባል ሰማሁ። ጓደኛዬ «የሚባለውስ ማሟያ ምርጫ ነው» አለኝ። ወንድሜ ደግሞ «ወንበር የሚሞላ ከሆነ ለምን መሙያ አይባልም?» ይላል። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። «ድጋሚ» ከተባለ የመጀመሪያው ድምፅ አልጸናም ማለት ነው። በ1997ቱ ጠቅላላ ምርጫ ማግስት፣ ነሐሴ 15 ቀን በ31 የምርጫ ክልሎች የተካሄደው ድጋሚ ምርጫ ነበር፤ የፊቱ ውጤት ውድቅ ሆኖ ሕዝቡ እንደ አዲስ ድምፅ ሰጠ። ሟቹ እንደራሴ ግን በወጉ ተመርጠው፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው ሲያገለግሉ የቆዩ ሰው ናቸው። የመራጩን ድምፅ የሰረዘው የለም፤ የጎደለው ሰው ነው። እሳቸውን ለመተካት የሚደረገውን «ድጋሚ» ማለት ያልተበላሸውን ምርጫ ተበላሽቶ ነበር ብሎ ማውራት ነው። ዜና አንባቢዎች ይህችን ቃል እንዲጠነቀቁባት አጥብቄ የምለምነው ለዚህ ነው።

የሕጋችን ቃልም «ማሟያ ምርጫ» ነው። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ጣቢያ ሲጠራ ጥሪው «የአካባቢና የማሟያ ምርጫ» የሚል ነበር፤ በ1997 ተመርጠው ምክር ቤት ሳይገቡ የቀሩ ተቃዋሚዎች ወንበርም የተሟላው ያኔ ነው።

ወደ ወንድምዎ ልመለስ፤ ጥያቄው ቀላል አይደለም። «መሙያ» ከ«ሞላ»፣ «ማሟያ» ከ«አሟላ» የወጡ ናቸው። በሁለቱም «ለ» ወደ «የ» ተለውጧል፤ «ከፈለ» «መክፈያ»፣ «ተከለ» «መትከያ» እንደሚለው። እንስራ ይሞላል፤ የስልክ ባትሪ ይሞላል። ማሟላት ግን ሙሉ መሆን ሲገባው አንድ ነገር የጎደለበትን ይፈልጋል። ተማሪ የመጨረሻ ጥናቱን «ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ» ብሎ የሚያቀርበው ኮርሱን ጨርሶ የቀረችው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም 547 መቀመጫ አለው፤ አንዱ ሲጓደል ይሟላል። ሥሩ የግእዙ «መልአ» ነው፤ በየስብሰባው የምንጠራው «ምልአተ ጉባኤ» የዚሁ ዘር ነው። (በዓይኑ «ዓ» የሚጽፉት ብዙ ናቸው፤ ትክክሉ አልፋው «አ» ነው።)

እስራኤል ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። በአገሪቱ ምክር ቤት በክኔሴት ካሉት 120 ወንበሮች አንዱ ሲለቀቅ ሕዝቡ ድምፅ አይሰጥም፤ ፓርቲው ለምርጫ ካቀረበው ዝርዝር ተራው የደረሰው ይገባል። እዚያ «ምርጫ» የሚለው ቃል ራሱ ቦታ የለውም፤ «እገሌ ተተካ» ይበቃል።

የሬዲዮው ዜና እንግዲህ «በሞት የተለዩትን የምክር ቤት አባል ለመተካት የማሟያ ምርጫ ይደረጋል» ተብሎ ይነበብ።